የወይና ደጋው ወይን፦ ከአቃቂ እስከ ዝዋይ የአንድ ቀን የሳይንስ ጉዞ

የአገራችንን የአየር ንብረት ክልሎች ቆላ፣ ወይና ደጋና ደጋ ብለን መለየትን ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ጀምሮ እናውቃለን። ይሁን እንጂ ከእነዚህ ስሞች መካከል የተክል ስም የተሸከመው አንዱ ብቻ መሆኑን ልብ የሚል ተማሪ ብዙ አይደለም። ወይና ደጋ «ወይን የሚበቅልበት ደጋ» ተብሎ ይተረጎማል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,500 እስከ 2,300 ሜትር ገደማ ያለው መሬት በዚህ ስም ይጠራል። ስሙን ያወጡት ሰዎች ቴርሞሜትርም ሆነ የከፍታ መለኪያ አልነበራቸውም፤ ተክሉ የሚስማማውን ቦታ ግን ያውቁ ነበር።

በአንጻሩ የጂኦግራፊ መጻሕፍትን ብንገልጥ የወይን ጠጅ ወይን በዋናነት የሚለማው ከምድር ወገብ በስተሰሜንና በስተደቡብ ከ30 እስከ 50 ዲግሪ ኬክሮስ ባለው ቀበቶ ውስጥ ነው ይሉናል። ኢትዮጵያ ደግሞ ከ3 እስከ 15 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ገደማ ላይ ትገኛለች። ታዲያ ከሁለቱ የትኛውን እንመን? መጽሐፉን ወይስ ስሙን? በዚህ ጽሑፍ ለዚህ ጥያቄ መልስ የምንፈልገው ከአቃቂ ተነሥቶ፣ በዝዋይ የወይን እርሻ ጎብኝቶና ቀምሶ፣ ምሳ በልቶ የሚመለስ ሰው የሚያደርገውን የአንድ ቀን ጉዞ በመከተል ነው። በየማረፊያው አንድ የሳይንስ ጥያቄ እናነሣለን።

ከአቃቂ ቁልቁል፦ ኬክሮስን የሚተካ ከፍታ

አቃቂ በሰቃ ቀድሞ ራሱን የቻለ ከተማ ነበር፤ ዛሬ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ውስጥ የአዲስ አበባ ደቡባዊ ጫፍ ሆኗል። ከፍታው 2,100 ሜትር ገደማ ነው። ከዚህ ተነሥተን በዱከምና በቢሾፍቱ በኩል እስከ ሞጆ እንወርዳለን። ሞጆ ላይ ወደ ደቡብ ታጥፈን መቂን ካለፍን በኋላ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ዝዋይ (ባቱ) እንደርሳለን። ከተማዋ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ በዝዋይ ሐይቅ (ደምበል) ዳርቻ፣ በ1,640 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በአንድ ማለዳ 460 ሜትር ያህል ቁልቁል ተጉዘናል ማለት ነው።

በከባቢ አየር ውስጥ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር የሙቀት መጠኑ በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ በ6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀንሳል። በዚህ ስሌት ዝዋይ ከአቃቂ 3 ዲግሪ ያህል ትሞቃለች፤ በዚያው ኬክሮስ በባሕር ዳርቻ ካለ ሥፍራ ግን ከ10 ዲግሪ ያላነሰ ትቀዘቅዛለች። ስሌቱ ግምታዊ ቢሆንም ቁም ነገሩን ያሳየናል፤ ወደ ሰሜን በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር በመጓዝ የሚገኘውን ቅዝቃዜ አንድ ሺህ ስድስት መቶ ሜትር ወደ ላይ በመውጣት ማግኘት ይቻላል። መጽሐፉ የሚናገረው ስለ ኬክሮስ ነው፤ ወይና ደጋ የሚለው ስም የሚናገረው ደግሞ ስለ ከፍታ ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው።

ለወይን ፍሬ ከቀኑ ፀሐይ ባልተናነሰ የሌሊቱ ቅዝቃዜ ያስፈልገዋል። ቀን ቀን ቅጠሎቹ በፎቶሲንተሲስ ስኳር ይሠራሉ፤ ስኳሩም ወደ ፍሬው ይጓዛል። በፍሬው ውስጥ ታርታሪክ አሲድና ማሊክ አሲድ የሚባሉ ሁለት ዋና ዋና አሲዶች አሉ። ፍሬው በሚተነፍስበት ጊዜ ማሊክ አሲዱን ያቃጥላል፤ ሙቀቱ በጨመረ መጠንም ቃጠሎው ይፈጥናል። ሌሊቱ ሞቃት በሆነበት ቆላ ፍሬው ጣፋጭ ሆኖ ሳለ አሲዱን ስለሚያጣ የሚወጣው ወይን ጠጅ ለዛ ቢስ ይሆናል። የወይና ደጋ ሌሊት ይህን አሲድ ይቆጥባል።

እዚህ ላይ አስተዋይ አንባቢ «አቃቂም ወይና ደጋ ናት፤ ታዲያ ለምን ወይን አይተከልባትም?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። መልሱ ከፍታ ብቻውን በቂ አለመሆኑ ነው። በአቃቂ ዙሪያ የተንጣለለው ጥቁር የዋልካ አፈር በክረምት ውኃ አቁሮ ይይዛል፤ በበጋ ደግሞ ደርቆ ይሰነጣጠቃል። ለጤፍ የተመቸ ቢሆንም አየር ለሚፈልገው የወይን ሥር አስቸጋሪ ነው። የዝዋይ አካባቢ አፈር ግን አሸዋማ በመሆኑ ውኃን ቶሎ ያሳልፋል። የዝናቡ ወቅትም ከአዲስ አበባው ያነሰ ነው። ወይን ከድርቅ ይልቅ የሚጎዳው እርጥበት ነው፤ ቅጠሉ ረጥቦ ሲቆይ የሻጋታ ዝርያዎች ይፈሉበታልና።

ብርድ የማያስተኛው ሐረግ

በአገራችን ወይን አልምቶ ወይን ጠጅ መጥመቅ የቅርብ ጊዜ ሥራ አይደለም። ከአምቦ አጠገብ ያለችው የጉደር ከተማ ስሟን ለአንድ የታወቀ ቀይ ወይን ጠጅ ሰጥታለች። ይህን ወይን ጠጅ ሲያመርት የኖረው የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ለረጅም ዘመን በመንግሥት ይዞታ ሥር ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2013 ወደ ግል ባለሀብቶች ተላልፏል። በዝዋይ ደግሞ የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጨረሻ ከ100 ሄክታር በላይ በሆነ መሬት ላይ ካበርኔ ሶቪኞን፣ ሜርሎ፣ ሲራና ሻርዶኔ የተባሉ የፈረንሳይ ዝርያዎችን አስተከለ። የመጀመሪያዎቹ ጠርሙሶችም እ.ኤ.አ. በ2014 ለገበያ ቀረቡ። እርሻውን ከጉማሬና ከሌሎች አራዊት ለመከላከል ዙሪያውን ሰፊ ቦይ ተቆፍሮለት እንደ ነበር በወቅቱ ተዘግቧል። የቦርዶ ወይን አልሚ እንዲህ ያለ ጎረቤት የለውም።

ከጉማሬው ይልቅ የሚከብደው ችግር ግን የቀን መቁጠሪያው ነው። በአውሮፓ የወይን ሐረግ ዓመቱን በብርድ ይለካል። የበረዶው ወራት ሲመጣ ቅጠሉን አራግፎ ያንቀላፋል፤ ሙቀቱ ሲመለስ እምቡጦቹ ሁሉ በአንድነት ይነቃሉ። በአንድነት በመንቃታቸውም ፍሬው በአንድ ወቅት ይደርሳል። በ8 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ግን በዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ የሚያስተኛ ብርድም የለም። ሐረጉ ካልተገራ ዓመቱን ሙሉ እንደ ለመለመ ይኖራል፤ በአንዱ ቅርንጫፍ አበባ፣ በሌላው ጥሬ፣ በሦስተኛው የበሰለ ፍሬ ይይዛል። እንዲህ ካለው ማሳ ደግሞ ጥሩ ወይን ጠጅ አይወጣም።

መፍትሔው መቀስ ነው። አልሚው በመረጠው ሳምንት ቅርንጫፎቹን ሁሉ ይከረክማል። በቅርንጫፉ ጫፍ የሚገኘው እምቡጥ ኦክሲን የተባለውን ሆርሞን በማመንጨት ከበታቹ ያሉትን እምቡጦች እንዳያድጉ ያግዳል፤ ጫፉ ሲቆረጥ እገዳው ይነሣል፤ የቀሩት እምቡጦችም በአንድ ጊዜ ይነቃሉ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ከአራት እስከ አምስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ፍሬው ይደርሳል። ስለዚህ ከረማው በሚገባ ከታቀደ አበባውና መከሩ ከሰኔ እስከ መስከረም ካለው ዝናብ ውጭ እንዲውሉ ማድረግ ይቻላል። በብራዚል በሳን ፍራንሲስኮ ወንዝ ሸለቆ፣ ከምድር ወገብ በስተደቡብ 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ያሉ አልሚዎች በዚሁ ዘዴ ከአንድ ማሳ በዓመት ሁለት ጊዜ ይለቅማሉ። በሰሜኑ ዓለም ብርድ የሚሠራውን ሥራ በሐሩሩ ዓለም መቀስ ይሠራል።

ከጭማቂ ወደ ወይን ጠጅ

ከማሳው ወደ መጥመቂያው ስንገባ የምናገኘው ሽታ ለማናችንም እንግዳ አይደለም፤ ጠላና ጠጅ ሲጣል የምናውቀው የመፍላት ሽታ ነው። «ወይን ጠጅ» የሚለው የአማርኛ ስም ራሱ ይህን ዝምድና ይናገራል፤ በወይን የተሠራ ጠጅ ማለት ነውና። ልዩነቱ ማሩ በውኃ መበረዝ ሲኖርበት የወይኑ ፍሬ ውኃውንና ስኳሩን በአንድነት ይዞ መምጣቱ ነው። ጠጅ ምሬቱን ከጌሾ ሲያገኝ ቀይ ወይን ጠጅ ከራሱ ልጣጭና ፍሬ ነገር ያገኛል።

የሁለቱም ሠራተኛ እርሾ ነው፤ በሳይንሳዊ ስሙ ሳካሮማይሲስ ሰረቪሲየ ይባላል። ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ መፍላት የሕያዋን ህዋሳት ሥራ መሆኑን አሳየ። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ቡክነር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1897 የእርሾ ህዋሳት ተፈጭተው የወጣው ጭማቂ ብቻውን ስኳርን ማፍላት እንደሚችል በማሳየት የኢንዛይም ሳይንስን በር ከፈተ።

የመፍላት ሒሳብ ቀላል ነው። ከ180 ግራም ግሉኮስ በንድፈ ሐሳብ 92 ግራም አልኮልና 88 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይገኛል። በተግባር እርሾው ከስኳሩ ጥቂቱን ለራሱ ዕድገት ስለሚጠቀምበት በአንድ ሊትር ጭማቂ ውስጥ ያለ 17 ግራም ያህል ስኳር 1 በመቶ አልኮል ይሰጣል። በሊትር 220 ግራም ስኳር ያለው ጭማቂ ወደ 13 በመቶ የተጠጋ አልኮል ያለው ወይን ጠጅ ይሆናል ማለት ነው። ከዚሁ አንድ ሊትር ከ50 ሊትር በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ በጋኑ ውስጥና በወለሉ ላይ ይተኛል፤ ቀለምም ሽታም ስለሌለው ሳይታወቅ ሊያፍን ይችላል። በመጥመቂያ ውስጥ አየር ማናፈሻ ግዴታ የሚሆነው፣ ጎብኚም ጎንበስ ብሎ ወደ ጋን ውስጥ እንዳያይ የሚከለከለው በዚህ ምክንያት ነው።

የቀይና የነጭ ወይን ጠጅ ልዩነት ከፍሬው ቀለም ይልቅ በአሠራሩ ላይ ያርፋል። የአብዛኛው ጥቁር ወይን ጭማቂ ቀለም አልባ ነው። ቀለሙን የሚሰጠው አንቶሲያኒንና አፍን የሚያኮማትረው ታኒን ያሉት በልጣጩ ውስጥ ነው። ጭማቂው ከልጣጩ ጋር ከፈላ ቀይ፣ ልጣጩ አስቀድሞ ከተለየ ነጭ ወይም ፈዘዝ ያለ ሮዝ ይሆናል።

ቅምሻ፦ ምላስ ሲያንስ አፍንጫ ሲበዛ

በቅምሻ ሥርዓት ብርጭቆው መጀመሪያ ይታያል፤ ከዚያ ይሸተታል፤ በመጨረሻ ይቀመሳል። ብርጭቆውን ማሽከርከር ለታይታ ብቻ የሚደረግ ይመስላል። ነገር ግን የፈሳሹን ገጽ በማስፋት የሚተንኑ ሞለኪውሎች ወደ አፍንጫ እንዲደርሱ ያደርጋል።

ምላሳችን የሚለየው ጥቂት ነገር ነው፤ ጣፋጭ፣ ጎምዛዛ፣ ጨዋማ፣ መራራና ኡማሚ የሚባለውን የሥጋ መረቅ መሰል ጣዕም። በድሮ መማሪያ መጻሕፍት የነበረው «ጣፋጭ በጫፍ፣ መራራ በኋላ» የሚል የምላስ ካርታ ስሕተት ነው፤ ሁሉም ጣዕም በሁሉም የምላስ ቀማሽ አካባቢ ይታወቃል። የቀረውን፣ እጅግ የሚበዛውን ክፍል የሚሠራው በጉሮሮ በኩል ወደ ላይ የሚወጣውን ሽታ የሚቀበለው አፍንጫ ነው። ይህን ለማረጋገጥ አልኮል አያስፈልግም። አንባቢያን አፍንጫቸውን ይዘው የፍራፍሬ ከረሜላ ቢቀምሱ ጣፋጭነቱን ብቻ ያገኛሉ፤ አፍንጫቸውን ሲለቁ ብርቱካን ወይም እንጆሪ መሆኑ ወዲያው ይገለጣል።

ታኒን ደግሞ ከነዚህ ውጭ ነው። በምራቃችን ውስጥ ካሉ ፕሮቲኖች ጋር ተጣብቆ ልስላሴአቸውን ያጠፋል፤ ያልበሰለ ሙዝ ወይም ብዙ የቆየ ሻይ አፍን እንደሚያኮማትር ሁሉ ማለት ነው። ስለዚህ የምናገኘው ስሜት ከጣዕም ይልቅ የመዳሰስ ስሜት ነው።

ዓይናችንም ዳኝነቱን ያዛባል። በቦርዶ የሚገኙ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጡት ጥናት ነጭ ወይን ጠጅ ሽታ በሌለው ቀይ ቀለም አቅልመው ለ54 የወይን ጠጅ ሳይንስ ተማሪዎች ሰጡ። ተማሪዎቹም ሽታውን የገለጹት ለቀይ ወይን ጠጅ በሚነገሩ ቃላት ነበር። ትምህርታቸው ይኸው የሆነ ወጣቶች በዓይናቸው ከተመሩ፣ በማንኛውም ቤተ ሙከራ የዓይነ ስውር ሙከራ ለምን እንደሚያስፈልግ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

ምሳው

ዝዋይ ደርሶ ዓሣ ሳይበላ የሚመለስ ብዙ የለም። ከሐይቁ የሚወጣው ቆሮሶ ተጠብሶ፣ በአዋዜ ታጅቦ ይቀርባል። ወይን ጠጅ ከምግብ ጋር የሚስማማበት ወይም የሚጣላበት ምክንያትም ኬሚስትሪ አለው። ቀይ ወይን ጠጅ ከዓሣ ጋር አይሄድም የሚለውን ልማድ የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 መርምረውት ነበር። በወይን ጠጁ ውስጥ ያለው የብረት ንጥረ ነገር መጠን ከፍ ሲል ከባሕር ምግቡ ጋር ተዋሕዶ የሚሰነፍጥ የዓሣ ሽታ እንደሚፈጥር አረጋገጡ። ከሥጋ ጋር ግን ታኒን ይለዝባል፤ ከምራቅ ፕሮቲን ይልቅ በሥጋው ፕሮቲንና ስብ ላይ ይጠመዳልና።

የአዋዜው ጉዳይ ይለያል። የሚጥሚጣና የበርበሬ ማቃጠል የሚመጣው ካፕሳይሲን ከተባለ ንጥረ ነገር ነው። ካፕሳይሲን በአፋችን ውስጥ የሚነካው ትክክለኛ ሙቀትን የሚለየውን ተቀባይ ነው። አልኮል ይህንኑ ተቀባይ ይበልጥ ስሜታዊ ያደርገዋል። እንግዲህ ቃጠሎውን ለማብረድ ወይን ጠጅ የሚጎነጭ ሰው እሳት ላይ ጭራሮ ይጨምራል። እርጎ ወይም አይብ ግን ካፕሳይሲኑን በስብና በፕሮቲን ስለሚያጥበው ያበርዳል፤ እናቶቻችን ክትፎን ከአይብ ጋር የሚያቀርቡት ያለ ምክንያት አይደለም።

የመልስ ጉዞ ሒሳብ

በመልሱ መንገድ የሚያስፈልገን እውቀት ከሁሉ የቀለለና ከሁሉ የከበደ ነው። አንድ ጎብኚ ስድስት ዓይነት ወይን ጠጅ፣ እያንዳንዱን 50 ሚሊ ሊትር ቀምሶ ዋጠ እንበል። በጠቅላላው 300 ሚሊ ሊትር ነው። በ13 በመቶ ሲሰላ 39 ሚሊ ሊትር ወይም 31 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል ይሆናል። የአዋቂ ሰው ጉበት በሰዓት የሚያስወግደው ከ7 እስከ 10 ግራም ገደማ ነው። ስለዚህ ሰውነቱ የተወሰደውን አልኮል ለመጨረስ ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ተኩል ይፈልጋል፤ ከዝዋይ አቃቂ ግን ከዚያ ባነሰ ጊዜ ይደረሳል። ቡናም ሆነ ቀዝቃዛ ውኃ ይህን ፍጥነት አይለውጥም። ሙያተኛ ቀማሾች ወይን ጠጁን በአፋቸው አንከባልለው የሚተፉት ለዚህ ነው፤ አሽከርካሪው ግን ጨርሶ አለመቅመሱ ይሻላል።

ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት የአልኮል መጠጥን እ.ኤ.አ. በ1988 ካንሰር አምጪነታቸው ከተረጋገጠ ነገሮች ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል እንዳይሸጥ ይከለክላል። ስለዚህ ከአንባቢዎቻችን አብዛኞቹ በዚህ ጉዞ ላይ ድርሻቸው ማሳው፣ መጥመቂያውና ምሳው ነው። ከሳይንሱ ግን የሚቀርባቸው የለም።

የሐይቁ ድርሻ

ከዝዋይ ከመነሣታችን በፊት አንድ ጥያቄ ይቀረናል። በደረቁ ወቅት ፍሬ እንዲበስል መፈለግ ማለት በደረቁ ወቅት ውኃ መፈለግ ማለት ነው። ውኃው ከየት ይመጣል?

የዝዋይ ሐይቅ 440 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ቢኖረውም አማካይ ጥልቀቱ 2.5 ሜትር ያህል ብቻ ነው። የመቂና የቀታር ወንዞች ይገቡበታል፤ ትርፉ ደግሞ በቡልቡላ ወንዝ በኩል ወደ አብያታ ሐይቅ ይፈስሳል። የአትክልት ማሳዎች፣ የአበባ እርሻዎችና የከተማዋ ነዋሪዎች ሁሉ ከሐይቁ ይቀዳሉ።

አንድ ሄክታር ወይን በዓመት 5,000 ሜትር ኩብ የመስኖ ውኃ ይጠጣል ብለን እናስላ። ለ100 ሄክታር 500,000 ሜትር ኩብ ይሆናል። ይህ በሐይቁ ገጽ ላይ ሲሰላ ከ1 ሚሊ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ውፍረት ያለው ውኃ ነው፤ አንድ የወይን እርሻ ብቻውን ሐይቁን አያደርቅም። በዚሁ መጠን የሚጠጡ 10,000 ሄክታር ማሳዎች ግን በዓመት 11 ሴንቲ ሜትር ያህል ይወስዳሉ። ዝናብ ባነሰበት ዓመት መጀመሪያ የሚቀንሰው ወደ ቡልቡላ የሚፈስሰው ትርፍ ነው። መውጫ የሌለው አብያታ እጅግ መሸሹን ደግሞ በዓይን ማየት ይቻላል። ለዚህ መሸሽ የሶዳ አመድ ለማምረት የሚቀዳው ውኃ አንዱ ምክንያት ሲሆን ከላይ በመስኖ የሚወሰደው ሌላው ነው።

እዚህ ላይ የወይን ተክል ጠባይ ለሐይቁም ይጠቅማል። ከአትክልት በተለየ ወይን በመጠኑ ሲጠማ የተሻለ ፍሬ ይሰጣል። ፍሬው ያንሳል፤ ከጭማቂው አንጻር ልጣጩ ይበዛል፤ ቀለሙና ታኒኑም ይጠነክራል። በጠብታ መስኖ ለክቶ የሚያጠጣ አልሚ ውኃውን ሲቆጥብ ወይን ጠጁንም ያሻሽላል። የሰውና የሐይቅ ጥቅም እንዲህ የሚገናኝበት ሰብል ብዙ አይደለም፤ ይህን መጠን በሜዳ ሙከራ ማጥናትና ለሌሎች ሰብሎች ምን ያህል እንደሚሠራ መመርመር ለግብርናና ለሃይድሮሎጂ ተማሪዎቻችን የተዘጋጀ ሥራ ነው።

ለማጠቃለል ያህል፣ መግቢያችን ላይ ለተነሣው ጥያቄ መልሱ ሦስት ቃላት አሉት፤ ከፍታ፣ መቀስና ውኃ። ከፍታውን ተፈጥሮ ሰጥታናለች፤ አያቶቻችንም ወይና ደጋ ብለው ሰይመውታል። መቀሱ ከእውቀት ጋር መጥቷል። ውኃው ግን ተለክቶ የሚወሰድ ሀብት ነው፤ ልኩን የሚያውቅ ባለሙያም ከዛሬ ተማሪዎች መካከል መውጣት ይኖርበታል።